ከቤር ሐይቅ እስከ ኤመራልድ ሐይቅ በበረዶ ላይ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የበረዶው ወራት ሲገባ ከአንባቢዎች የሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ መንገድ ዙሪያ ይሽከረከራሉ፤ በኮሎራዶ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ከቤር ሐይቅ ተነስቶ ኒምፍንና ድሪምን እያለፈ ኤመራልድ ሐይቅ ላይ በሚያበቃው መንገድ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር ጽፈነዋል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስንል ስልክዎ ላይ 8 ሰዓት የሚለውን ማለታችን ነው። በረዶ ላይ የሚረገጥበትን መራመጃ ደግሞ ሁሉም እንደሚጠራው ስኖውሹ ብለነዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ በጃንዋሪ መጨረሻ ቅዳሜ ቀን ሐይቆቹን ለማየት አስበናል። በሳምንት ሁለት ቀን እንሮጣለን፤ በረዶ ላይ ግን ረጅም መንገድ ሄደን አናውቅም። መንገዱ «መካከለኛ» ይባላል። መካከለኛ ማለት ምን ያህል ነው? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል? (ከኦሮራ)

መልስ፦ በቁጥር ካየነው ቀላል ነው። መኪና የሚቆምበት ቤር ሐይቅ 2,888 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ኒምፍ ከዚያ 0.8 ኪሎ ሜትር፣ ድሪም 1.8፣ ኤመራልድ ደግሞ 2.9 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የኤመራልድ ከፍታ 3,080 ሜትር ገደማ ስለሆነ የሚወጡት ዳገት ተደምሮ 200 ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልሱ 6 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

መካከለኛ ያሰኘው ርቀቱ ሳይሆን ነፋሱ፣ የአየሩ መሳሳትና የመጨረሻው ዳገት ነው። ከቤር እስከ ኒምፍ፣ ከኒምፍም እስከ ድሪም በጥድ ጫካ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል። ከድሪም በኋላ ግን መንገዱ መጀመሪያ በሐይቁ ዳር ሜዳ ሜዳውን ሄዶ፣ የቀረውን 60 ሜትር ከፍታ በአጭር ርቀት ውስጥ ያስወጣዎታል። ጀማሪ የሚደክመው እዚያ ላይ ነው፤ ነፋሱም የሚከፋው እዚያው ነው።

በስኖውሹ የሚሄድ ጀማሪ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ጥሩ ነው። ለመውጣት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመውረድ አንድ ሰዓት፣ ለማረፍ፣ ለፎቶና ማሰሪያ ለማስተካከል ሌላ አንድ ሰዓት ይያዙ። እንግዲህ ሦስት ሰዓት ተኩል ወይም አራት ሰዓት ይሆናል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መራመድ ብትጀምሩ ከቀትር በኋላ ሳትቻኮሉ መኪናችሁ ጋ ትደርሳላችሁ። የትም ብትሆኑ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ፊታችሁን ወደ መኪናው መልሱ። ፀሐይ በይፋ የምትጠልቀው ከ11 ሰዓት በኋላ ቢሆንም፣ በስተግራ የቆመው ሃሌት ፒክ (3,875 ሜትር) ቀድሞ ይጋርዳታል። ጥላው ሲወርድ ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚያሽቆለቁለው።

አንድ ምክር አጥብቀን እንሰጣለን፦ ግባችሁን ድሪም ሐይቅ አድርጉት፤ ኤመራልድን እንደ ምርቃት ቁጠሩት። ገና ከቤት ሲወጡ «ኤመራልድ ሳንደርስ አንመለስም» ያሉ ሰዎች ድሪም ላይ ነፋሱ ፊታቸውን እየገረፈው እንኳ መመለስ ይከብዳቸዋል። ድሪም ማለት ከጫካው ወጥታችሁ ከቲንዳል ሸለቆ የሚወርደውን ነፋስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የምትቀበሉበት ቦታ ነው። ሸለቆው እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ነፋሱን አጥብቦ ነው የሚለቀው። መለኪያው 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች እያለ ነፋሱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ ቆዳ የሚሰማው 22 ከዜሮ በታች ነው። እዚያው ቆማችሁ አምስት ደቂቃ ተነጋገሩ። ከአራታችሁ አንዱ እንኳ ጣቱ ከደነዘዘ ወይም መናገር ካቆመ የቀኑ ጉዞ እዚያ አብቅቷል። ድሪም ራሱ፣ ሃሌት ከጀርባው ቆሞ፣ ለአንድ ቀን ከበቂ በላይ ነው።

መንገድ መሳት የሚያጋጥመው ሁለት ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ገና ከመነሻው ጥቂት እርምጃ እንደሄዱ ነው፤ ብዙ ሰው የረገጠው ዱካ በቀጥታ ወደ ቤር ሐይቅ ይወስዳል፣ የእናንተው ግን ወደ ግራ ይታጠፋል። ሁለተኛው ድሪም ልትደርሱ ስትሉ ወደ ሃያሃ ሐይቅ በስተግራ የሚገነጠለው ነው። ምልክቱ በበረዶ ሊዋጥ ይችላል። ፊት የሄደው ሰው ዱካም መንገድ ነው ማለት አይደለም፤ እሱም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ካርታውን ያለ ኔትወርክ እንዲከፈት ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት፤ እላይ ኔትወርክ አለ ብላችሁ አትመኑ። ስልኩን ውስጠኛው ኪስ፣ ገላችሁ አጠገብ ያዙት። ውጭ የዋለ ባትሪ 60 በመቶ እያሳየ ድንገት ድርግም ይላል።

ጥያቄ፦ አንዱ ወዳጄ «ለስኖውሹ ኪራይ አትክፈል፣ ማይክሮስፓይክ ይበቃሃል» ይለኛል። የኪራይ ቤቱ ልጅ ደግሞ 30 ኢንች ስኖውሹ ካልወሰድክ አለኝ። 84 ኪሎ ነኝ። ማንን ልስማ? (ከዴንቨር)

መልስ፦ ወዳጅዎ ብዙውን ጊዜ ልክ ነው፤ የኪራይ ቤቱ ልጅ ግን አይደለም። ይህ መንገድ በየቀኑ ብዙ ሰው ስለሚረግጠው ጥርጊያው እንደ ኮንክሪት ይጠነክራል። እንዲህ ያለ ጥርጊያ ላይ ጫማ ላይ የሚለጠጠው፣ ሰንሰለትና አጫጭር የብረት ጥርስ ያለው ማይክሮስፓይክ ከስኖውሹ ይልቅ ይመቻል። ስኖውሹ የሚያስፈልገው አዲስ በረዶ ሲወርድ ነው። ባለፉት ሁለት ቀናት ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ከጣለ ስኖውሹ ይያዙ። ከመኪናዎ ሲወርዱ ደግሞ ከጥርጊያው ወጣ ብለው በጫማዎ ብቻ ይርገጡ፤ እግርዎ ከቁርጭምጭሚት በላይ ከሰመጠ መልሱን አገኙ። በበረዶ ወራት ከቤትዎ ሳይወጡም ማወቅ ይቻላል። ቤር ሐይቅ ላይ የበረዶውን ጥልቀት በራሱ እየለካ የሚያስተላልፍ ስኖቴል የሚባል ጣቢያ አለ፤ ቁጥሩ በኢንተርኔት ይታያል።

በለስላሳ በረዶ ያለ ስኖውሹ መሄድ ጉዳቱ ለእርስዎ ብቻ አይደለም። እስከ ጉልበት እየሰመጡ የሚተዉት ጉድጓድ ሌሊት ይደርቅና ጠዋት የሚመጣውን ሰው ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል።

መጠኑን በተመለከተ፣ የሚቆጠረው የእርስዎ ክብደት ብቻ ሳይሆን ልብስ፣ ጫማና ቦርሳ ተጨምሮ ነው። 84 ላይ 8 ኪሎ ቢደመር 92 ይሆናል። እንደየሞዴሉ ቢለያይም በጥቅሉ እስከ 80 ኪሎ 22 ኢንች (56 ሴንቲ ሜትር)፣ ከዚያ እስከ 100 ኪሎ ገደማ 25 ኢንች (63 ሴንቲ ሜትር) ይበቃል። 30 ኢንች ከዚያ ለሚከብድ ሰው ወይም ማንም ባልረገጠው ጥልቅ በረዶ ላይ ለሚሄድ ነው። በጠባብ ጥርጊያ ላይ ትልቅ ስኖውሹ የሚያተርፍልዎ ነገር ቢኖር የገዛ እግርዎን እየረገጡ መውደቅ ነው። ስለዚህ 25 ይውሰዱ።

ከርዝመቱ ይልቅ ገልብጠው ታችኛውን ጎን ይመልከቱ። ከጣቶች ሥር ያለው የብረት ጥርስ የግድ ነው። በሁለቱ ጎኖች ርዝመት የሚሄድ ጥርስ ካለው ደግሞ በተዳፋት ላይ አግድም ሲሄዱ አይንሸራተትም። ክፈፉ ክብ ቱቦ ብቻ የሆነው ዓይነት ለሜዳ ነው፤ እዚህ ያስቸግራል። ከተረከዝ ሥር የሚቆም ሽቦ ካለው ለመጨረሻው ዳገት ይጠቅማል። ሽቦውን ሲያቆሙት ተረከዝዎ ከፍ ብሎ ያርፋል፤ ባትዎ አይወጠርም። ለቁልቁለቱ ግን መልሰው ማስተኛትዎን አይርሱ።

አስተሳሰሩም እንዲህ ነው። ዘለበቶቹ ወደ ውጭ እንዲዞሩ አድርገው ግራና ቀኙን ይለዩ። የእግርዎ የፊተኛው ወፍራም ክፍል ልክ ስኖውሹው ከእግርዎ ጋር በሚታጠፍበት መዞሪያ ዘንግ ላይ ይረፍ፤ የጫማው አፍንጫ ወደፊት አልፎ ከመጣ እግርዎን ባነሱ ቁጥር የስኖውሹውን ጨርቅ ይመታል። ጫማው ሥር የተጋገረ በረዶ ካለ አስቀድመው ያራግፉ። መጀመሪያ የፊቱን ማሰሪያ ያጥብቁ፣ ቀጥሎ የተረከዙን፤ የተረፈውን ጫፍ ይሰኩት። አሥር ደቂቃ ከሄዱ በኋላ ቆመው እንደገና ያጥብቁ፤ በማሰሪያው ሥር የነበረው በረዶ ስለሚታመቅ ሁልጊዜ ይላላል። ማሰሪያው ላልቶ እግር ሲዋዥቅ ነው ተረከዝ ውሃ የሚቋጥረው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ስወጣ በላብ ረጥቤ፣ ስቆም ደግሞ ጥርሴ እስኪንገጫገጭ በረደኝ። ውሃዬም ቱቦው ውስጥ ረግቶ አንድ ጉንጭ ሳልጠጣ ተመለስኩ። ምን አጠፋሁ? (ከሌክዉድ)

መልስ፦ መኪናው ጋ ሙቀት እየተሰማዎት ነው የተነሱት። ሲነሱ ትንሽ ሊበርድዎ ይገባል፤ በአሥር ደቂቃ ዳገቱ ያሞቅዎታል። ከገላዎ የሚነካው ልብስ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን። ጥጥ፣ ካልሲም ቢሆን፣ ላብ ይዞ አይለቅም፤ እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ የረጠበ ልብስ ማለት ቅዝቃዜ ማለት ነው። ከላይ ነፋስ የሚከለክል ስስ ጃኬት ያድርጉ። ወፍራሙን ኮት ግን ለብሰው አይውጡ። ቦርሳ ውስጥ ይያዙትና በቆሙ ቁጥር ወዲያው፣ ሳይበርድዎ በፊት ይደርቡት።

ከጫማው አፍ እስከ ጉልበት የሚደርስ ገምባሌ ያድርጉ፤ ስኖውሹ ከኋላ የሚረጨው በረዶ ጫማ ውስጥ የሚገባው በዚያ ነው። እግር እንዲሞቅ ብሎ ሁለት ወፍራም ካልሲ መደረብ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ጫማው ከጠበበ ደም አይዘዋወርም፣ ጣት ይደነዝዛል። ጓንት ሁለት ይያዙ፤ ለማሰሪያና ለስልክ ስስ፣ ለነፋሱ ደግሞ አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ዓይነት።

ቱቦ ያለውን የውሃ ከረጢት ቤት ይተዉት። አፉ ሰፊ በሆነ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተው ቦርሳው ውስጥ ዘቅዝቀው ያስቀምጡት። ውሃ መርጋት የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ የሚረጋው የጠርሙሱ ቂጥ ነው፤ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩልና ትኩስ ነገር የያዘ ትንሽ ፔርሙስ ይበቃል።

የፀሐይ መነጽር የሌለው ሰው ባይወጣ ይሻላል። አዲስ በረዶ ከፀሐይ ከሚመጣው አልትራ ቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ ድረስ ወደ ፊትዎ መልሶ ያንጸባርቃል። የተቃጠለ ዓይን የሚታወቀው እዚያው ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ፣ ማታ፣ አሸዋ የገባበት ይመስል ሲቆረቁር ነው። ክሬሙን ከአገጭ ሥርና ከአፍንጫ ቀዳዳ በታችም ይቀቡ፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከታች ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከዋሽንግተን ዲሲ አርብ ማታ ይገባል፤ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሐይቆቹ ልወስደው ነው። «ደጋ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ከፍታ ምን ያደርገኛል» ይላል። እውነቱን ነው? (ከኦሮራ)

መልስ፦ የት ተወለደ የሚለው ብዙ አይረዳውም፤ ዋናው ያለፉትን ሳምንታት የት አደረ የሚለው ነው። አካል ለከፍታ ያካበተው ልምምድ ቆላ ወርዶ በኖረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል። ኤመራልድ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገኘው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስፖርተኛ መሆንም አያድንም። እንዲያውም ጉልበት ያለው ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታመመው እሱ ነው።

ቢያንስ ጉዞውን ወደ እሑድ ያዛውሩት። አርብ ዴንቨር (1,609 ሜትር) ይደር፣ ቅዳሜ ኤስተስ ፓርክ ከተማ (2,293 ሜትር) ያድርና እሑድ ይውጣ። በእነዚያ ሁለት ምሽቶች መጠጥ ይቅርበት። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ የከፍታ ሕመም ነው ብለው ይያዙት። ዕረፍት አድርጎ ካልተሻለው መውረድ ነው፤ ውሃ ብቻ ደጋግሞ መጠጣት አያድነውም። እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ግን አንድ ደቂቃ አይጠብቁ። ይዘውት ይውረዱ፣ ስልኩ እንደሠራም 911 ይደውሉ። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ካለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ያነጋግር።

ጥያቄ፦ ሰዎች ኒምፍንም ድሪምንም በመሐሉ ሲያቋርጡ ፎቶ ላይ አይቻለሁ። በረዶው ይሸከማል ማለት ነው? (ከፎርት ኮሊንስ)

መልስ፦ ፎቶው የሚያሳየው የዚያን ቀን እንዳልተሰበረ ብቻ ነው። ለአንድ እግረኛ በተለምዶ የሚባለው 10 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ፣ ሰማያዊ የሚመስል የረጋ በረዶ ነው። ነጣ ያለው አረፋ ስለያዘ ጥንካሬው ግማሽ ነው፤ እጥፍ ውፍረት ይፈልጋል። ከላይ የተከመረ በረዶ ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ ሙቀት ይዞ ከሥር ያለውን ሳይወፍር ያስቀረዋል። ውሃ በሚገባበትና በሚወጣበት አፍ፣ እንዲሁም ከውሃው ብቅ ባሉ ድንጋዮች ዙሪያ ሁልጊዜ ስስ ነው።

እኛ የምንለው በዳር ዙሩ ነው። ድሪም ላይ መንገዱ ራሱ በሰሜኑ፣ ማለትም ወደ ላይ ሲሄዱ በቀኝ በኩል ባለው ዳር ነው የሚያልፈው፤ የሚያተርፉት ጊዜ እዚህ ግባ አይባልም። በኖቬምበርና በዲሴምበር መጀመሪያ፣ ከዚያም በኤፕሪል ጨርሶ አይሞከርም።

ጥያቄ፦ ስለ በረዶ ናዳ ስጠይቅ «ያ ለበረዶ ሸርተቴ ሰዎች ነው፣ የእኛ መንገድ ጫካ ውስጥ ነው» ይሉኛል። ይህን ያህል መጨነቅ አለብኝ? (ከቦልደር)

መልስ፦ እስከ ድሪም ለተባለው በአብዛኛው እውነት አለበት፤ ከድሪም በላይ ግን የለበትም። የበረዶ ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያጋድል ተዳፋት ላይ ነው። ከድሪም ወደ ኤመራልድ ሲሄዱ ሸለቆው ይጠብና እንዲህ ያሉ ተዳፋቶች ከላይ ይመጣሉ። እርስዎ የቆሙበት ሜዳ መሆኑ አያድንም፤ ናዳው የሚወርደው ወደ ሜዳው ነው። በተለይ የኤመራልድ ማዶ ጫፍ፣ ከገደሉ ሥር ያለው፣ ለፎቶ የሚጠጉበት ቦታ አይደለም። ሐይቁን ከደረሱበት ዳር ቆመው ይዩትና ይመለሱ።

የኮሎራዶ በረዶ ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። እዚህ በወቅቱ መጀመሪያ ላይ የሚወርደው በረዶ ስስ ነው፤ ሌሊቱ ደግሞ ጥርት ያለና በጣም ቀዝቃዛ። መሬቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ላዩ 20 ከዜሮ በታች ሲደርስ፣ በመካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከታች ያሉትን ቅንጣቶች እርስ በርስ የማይያያዝ ስኳር ያደርጋቸዋል። በእፍኝዎ ቢጨብጡት ኳስ አይሆንም፤ በጣቶችዎ መካከል ይፈስሳል። በዚያ ስኳር ላይ ነፋስ ያመጣው በረዶ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጋገራል። ለሳምንታት ምንም ሳይመስል ይቆይና አንድ ሰው ሲረግጠው፣ አንዳንዴም ከታች ሜዳው ላይ ሲረግጠው፣ ስኳሩ ይደረመስና ከላይ ያለው ተሰንጥቆ ይለቃል። ስለዚህ «በረዶ ከጣለ ሳምንት አልፎታል» የሚለው መጽናኛ እዚህ ብዙ አይሠራም።

ከቤት ሳይወጡ የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከልን የዕለቱን ትንበያ ያንብቡ። አደጋው ከ1 እስከ 5 በደረጃ ይገለጻል። 3 የሚለው ቁጥር መሐል ስለሆነ ሰውን ያዘናጋል፤ ብዙ ሰው የሚሞተው ግን በዚሁ ደረጃ ቀን ነው። 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድሪም ላይ ይመለሱ። 2 ሲሆንም ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ ችግሩ በየትኛው አቅጣጫና ከፍታ ባለ ተዳፋት ላይ እንዳለ ይናገራል።

መንገድ ላይ ደግሞ ከእግርዎ ሥር «ኡምፍ» የሚል የታፈነ ድምፅ ከሰሙ፣ በስኖውሹዎ ዙሪያ ስንጥቅ ሲሮጥ ካዩ፣ ወይም ፊት ለፊት ያለ ተዳፋት ላይ አዲስ ናዳ የወረደበት ካለ፣ በረዶው ራሱ ነግሮዎታል፤ በመጡበት ዱካ ይመለሱ። ዛፎችንም ይመልከቱ። ወደ ዳገቱ በሚያዩበት ጎናቸው ቅርንጫፍ የሌላቸው ጥዶች ናዳ በተደጋጋሚ የሚያልፍበትን መስመር ያሳያሉ። የተዳፋቱን ዲግሪ የሚለካ መተግበሪያ በስልክ ይገኛል፤ ዱላዎን በተዳፋቱ ላይ አስተኝተው ስልኩን ቢያስቀምጡበት ቁጥሩን ይሰጣል።

በናዳ የተቀበረን ሰው ለማግኘት የሚያዙት ምልክት የሚሰጠው መሣሪያ፣ መውጊያው ዘንግና አካፋው የሚጠቅሙት ከእርስዎ ጋር ያለው ሰውም ይዞ አጠቃቀሙን ከተለማመደ ነው። ከተቀበረ ሰው በሕይወት የሚገኘው በአብዛኛው በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የተቆፈረው ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ሊደርስልዎ የሚችለው አብሮዎት ያለው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጅና ጉልበቷን የሚያማት እናት አሉኝ። ሁለቱንም እንዴት ላስደስት? (ከሴንቴኒያል)

መልስ፦ ወደ ስፕሬግ ሐይቅ ይውሰዷቸው። በቤር ሐይቅ መንገድ ላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ዙሪያው 1.4 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሜዳ ነው። ለእናትዎ ሁለት ዱላ፣ ጫፉ ላይ ሰፊ ቀለበት ያለው፣ ቁመቱ ክንዳቸው 90 ዲግሪ እንዲታጠፍ ሆኖ የተስተካከለ። ልጁ መንሸራተት ካማረው ሂደን ቫሊ አለ፤ በፓርኩ ውስጥ በበረዶ ላይ በመንሸራተቻ መጫወት የሚፈቀደው እዚያ ብቻ ነው። ልጅ ብርድ ተሰማኝ ብሎ ቀድሞ አይናገርም። በየሃያ ደቂቃው ጓንቱን አውልቀው ጣቱን ይንኩ።

ጥያቄ፦ ውሻዬን ይዤ መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ መኪና ማቆሚያው ድረስ አዎ፤ በእግር መንገዶቹ ላይ ግን በየትኛውም ወቅት አይፈቀድም። መኪና ውስጥ ትቶ መውጣትም በዚያ ብርድ ጥሩ አይደለም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ሞተሩ ሁለት ጎማ ብቻ የሚያሽከረክር ትንሽ ሴዳን ናት። ቤር ሐይቅ ድረስ ትወጣለች? በክፍያና በፈቃድ በኩልስ ምን ይፈለጋል? (ከኦሮራ)

መልስ፦ የቤር ሐይቅ መንገድ ዓመቱን ሙሉ ይጠረጋል፤ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥያቄው ጎማዎ ነው። የጎማ ሕጉ ሥራ ላይ በሚውልባቸው ቀናት እንደ እርስዎ ያለ መኪና የበረዶ ጎማ ወይም «ጭቃና በረዶ» የሚል ምልክት ያለው ጎማ ሊኖረው፣ የጥርሱም ጥልቀት ቢያንስ 3/16 ኢንች (4.8 ሚሊ ሜትር ያህል) ሊሆን ይገባል፤ አለዚያ ሰንሰለት። ሰንሰለቱን ቤትዎ ደጃፍ ላይ አንዴ አስረው ይፍቱት። በጨለማ፣ በበረዶ ላይ ተንበርክኮ መመሪያ ማንበብ አይቻልም።

በበጋ የሚጠየቀው በሰዓት የተወሰነ የመግቢያ ፈቃድ የሚሠራው ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው፤ በበረዶው ወራት አያስፈልግም። የመግቢያ ክፍያው ግን እንዳለ ነው፣ የሚከፈለውም በካርድ ነው። እግረኛ የሚያመላልሰው የፓርኩ አውቶቡስ በእነዚህ ወራት ስለማይሠራ መኪና ማቆሚያ ቦታ ከሌለ ሌላ አማራጭ የለም። ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ይድረሱ። ጂፒኤስ በትሬይል ሪጅ መንገድ ልውሰድዎ ካለ አይስሙት፤ ያ መንገድ ከኦክቶበር አጋማሽ ገደማ እስከ ሜይ መጨረሻ ድረስ ዝግ ነው።

ጥያቄ፦ ቁልቁለት ላይ ደጋግሜ በመቀመጫዬ ወደቅሁ፤ ከስኖውሹው ሥርም በረዶ እየተጋገረ እንደ ባለ ተረከዝ ጫማ አደረገኝ። በመጨረሻም ማሰሪያው ተበጠሰ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? (ከቶርንተን)

መልስ፦ የሚወድቁት ፈርተው ወደ ኋላ ስለሚያጋድሉ ነው። ዋናው የብረት ጥርስ ያለው ከጣቶችዎ ሥር ነው፤ ወደ ኋላ ሲያጋድሉ እሱ ይነሳና በጅራቱ ይንሸራተታሉ። ጉልበትዎን ለዘብ አድርገው አጥፈው፣ ክብደትዎን እግርዎ መሐል ላይ አድርገው፣ አጫጭር እርምጃ ይራመዱ። ከወደቁ ወደ ጎን ተንከባልለው በጉልበትዎ ይነሱ። ስኖውሹ አድርጎ ወደ ኋላ መራመድ አይሞከርም፤ መዞር ሲፈልጉ በትንንሽ እርምጃ ክብ ይሥሩ።

የተጋገረው በረዶ የሚመጣው ፀሐይ ካሞቀው ቦታ ወደ ጥላ ሲገቡ ነው። በፀሐዩ ረጥቦ በጥላው ብረቱ ላይ ይረጋል። በየጊዜው በዱላዎ የስኖውሹውን ጠርዝ መታ መታ ያድርጉት፤ ኳስ ከሆነ በኋላ ከማላቀቅ ይቀላል።

ለተበጠሰው ማሰሪያ የጎማ ጠፍር ሁለት፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ አራት አምስት፣ ከጠንካራ ፕላስተርም አንድ ሁለት ሜትር ይበቃል። ጠፍሩን ከጫማው ፊት አዙረው በስኖውሹው መዞሪያ ዘንግ ሥር ያሳልፉትና ያጥብቁት፤ ሌላውን ከተረከዝዎ ኋላ። ዘንጉን እንጂ ክፈፉን አይሰሩ። ከክፈፉ ጋር ከታሰረ እግርዎ መታጠፍ አቅቶት በየእርምጃው ሙሉ ስኖውሹውን ያነሳሉ። ፕላስተሩን በጥቅል አይያዙት፤ ቤት ሳሉ በዱላዎ ላይ፣ ከእጀታው በታች ጠቅልለው ይምጡ፣ ጫፉንም አጥፈው ይለጥፉት፤ ጓንት ሳያወልቁ ይዘው እንዲጎትቱት።